ወንድሜ መጠጥ ያቆመ ሳምንት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ደብረ ብርሃን ውስጥ አረቄ እያወጣሁ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ 22 ዓመት ሆነኝ። ሦስት ልጆቼን ያስተማርሁት በዚሁ ነው። ይህን የምጽፈው ሥራዬን ለመከላከልም ለመኮነንም አይደለም። ባለፈው ዐቢይ ጾም መግቢያ በቤታችን የደረሰው በሌላ ሰው ቤት እንዳይደርስ ብዬ ነው።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በሬን የሚያንኳኩ ደንበኞች አሉኝ። መለኪያውን ሞልቼ ብሰጣቸው ከንፈራቸው ሳይደርስ ግማሹ ይፈሳል። ስለዚህ በሻይ ብርጭቆ እስከ ወገቡ እቀዳላቸዋለሁ። በሁለት እጃቸው ይይዙትና ጎንበስ ብለው አፋቸውን ወደ ብርጭቆው ይወስዳሉ። ሲደግሙ እጃቸው ይረጋል። ማርከሻ እንለዋለን። መንቀጥቀጡን በብርዱ ያሳብባሉ፤ እኔም ለዓመታት የብርዱ ነገር ነው ብዬ አምኜ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን በሁለት መለኪያ የሚለቅ ብርድ አይደለም።

አናጢው ታናሽ ወንድሜም እንዲሁ ሆኖ ነበር። እኔ አልቀዳለትም ስል ሌላ ቤት ይሄዳል። የቅበላ እሑድ ማታ በንስሐ አባታችን ፊት «ከዛሬ ጀምሮ አልቀምስም» ብሎ ማለ። እናታችን እልል አለች። ሰኞ ጠዋት ገንዘቡን ደበቅን፤ በሩን ከውጭ የቆለፍሁት እኔ ነኝ። በደስታ ነበር የቆለፍሁት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ላብ አጠመቀው፤ የቀመሰውን ውኃ ሁሉ አስመለሰው። «መርዙ እየወጣለት ነው» ተባባልን። ማክሰኞ ጠዋት ምድጃው አጠገብ ወደቀና ጥርሱን ነክሶ ተንፈራገጠ። ጎረቤቶች ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር አጨሱበት። ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድነው፤ ታይፎይድ ነው ተብሎ ግሉኮስ ተሰቀለለትና እንክብል ይዘን ተመለስን። ረቡዕ ሌሊት ከብርድ ልብሱ ላይ ጉንዳን ያራግፍ ጀመር። ጉንዳን አልነበረም። ከሞተ 9 ዓመት ካለፈው አባታችን ጋር ስለ መጋዝ ይነጋገራል፤ እኔን ዞር ብሎ አየና «አንቺ ማን ነሽ?» አለኝ። ገላው ይፋጃል።

ሐሙስ ንጋት ጸበል ልንወስደው ስንሰናዳ ግቢያችን አጠገብ የምትኖር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ገባች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው?» እስከዚያች ሰዓት ይህን የጠየቀን ሰው የለም። ክሊኒኩ አልጠየቀንም፤ እኛም ለራሳችን አልጠየቅንም። «እሑድ ማታ» ስላት ባጃጅ ፍለጋ ሮጠች።

ሆስፒታል 6 ቀን ተኛ። ዳያዜፓም የሚባለውን መድኃኒት መጀመሪያ በብዛት ሰጡት፤ ከዚያ በየቀኑ እየቀነሱ አስጨረሱት። ታያሚን የሚሉትን ቫይታሚን ቢ1 በመርፌ ሰጡት፤ ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ይህን ቫይታሚን ማግኘት እንዳለበት፣ አለዚያ አንጎሉ ሊጎዳ እንደሚችል የሰማሁት እዚያ ነው። ነርሷ ሌሊትም ቀንም እየመጣች «እጅህን ዘርጋ፣ ጣቶችህን ክፈት» ትለዋለች፤ ጣቶቹን አይታ ትጽፋለች። በአራተኛው ቀን «እትዬ፣ ሽሮ አምጪልኝ» አለኝ። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስሁ።

ሐኪሙ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፦ አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎልም ላለመደንዘዝ በየቀኑ ይበረታበታል። በር በሙሉ ኃይሉ የሚገፋ ሰው በሩ ድንገት ቢከፈትለት በግንባሩ እንደሚደፋ ሁሉ፣ መጠጡ ባንድ ቀን ሲቀር አንጎሉ መቆሚያ ያጣል። መንቀጥቀጡና ላቡ ሰውየው መጠጡን ካቆመ ከ6 ሰዓት በኋላ ጀምሮ ይመጣል፤ መውደቁ በብዛት በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት፣ መቃዠቱና ሰው መሳቱ ደግሞ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ። ይህ የመጨረሻው ምልክት ሰውን ሊገድል ይችላል። ወንድሜን ሊገድለው የነበረው መጠጡን የተወበት መንገድ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ በእኔ እጅ ነበር።

ለበዓል ጠላ የሚቀምስ ሰው ይህ አያሰጋውም። በየቀኑ የሚጠጣ፣ ጠዋት ሳይቀምስ እጁ የማይረጋ፣ ከዚህ በፊት ለማቆም ሲሞክር የወደቀ ሰው ግን ቤት ተዘግቶበት ማቆም የለበትም፤ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይቅረብ። ቀድሞ አቁሞ መንቀጥቀጡ ከጀመረው ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይወሰድ። ዳያዜፓሙን ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በራስ መሞከርም አደጋ ነው፤ ከመጠጥ ጋር ከተገናኘ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሰው ሁሉ «አማኑኤል ሆስፒታል ካልሄደ አይሆንም» ይለን ነበር፤ ለእኛ ግን እዚሁ ከተማችን ባለው ሆስፒታል ተችሏል።

ጸበሉን አልተቃወምሁም፤ ሲሻለው ወስጄዋለሁ። አባቶቻችንን የምለምነው መሐላውን ከመቀበላቸው በፊት «ልጄ፣ ጠዋት እጅህ ይንቀጠቀጣል?» ብለው እንዲጠይቁ ነው። የጤና ባለሙያዎችንም ወድቆ የመጣውን ሰው ሁሉ መጨረሻ የጠጣበትን ቀን ሳትጠይቁ አትመልሱብን እላለሁ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን በዚያው ራዲዮ፣ በዚሁ ጋዜጣ፣ ጾም በገባ ቁጥር ይህ ጉዳይ ቢነገር እወዳለሁ።

ወንድሜ በሰኔ አንድ ጊዜ ተመልሶ ጠጥቷል። ለሁለት ሳምንት ያህል ጠጣ፤ ከዚያ ማንም ሳይነግረው በእግሩ ሆስፒታል ሄዶ ተኛ። እስካሁን ደህና ነው፤ የምጽፍበትን ጠረጴዛ የሠራው እሱ ነው።

ጾሙ ደግሞ ቀርቧል። ትናንት ንጋት አንድ የቆየ ደንበኛዬ ብርጭቆውን በሁለት እጁ እንደያዘ «እትዬ፣ ዘንድሮ ለጾሙ ላቆም ነው» አለኝ። ባለቤቱን አስጠርቼ የወንድሜን ነገር ነገርኋት። ሰኞ ሦስታችንም ሆስፒታል እንሄዳለን።

ስለ ወንድሜ ስል ስሜ እንዳይወጣ እለምናለሁ።

ከደብረ ብርሃን