ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፦ የ«ጋይዲንግ ላይት» ካሴቶች እኛ ቤት ናቸው

ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የድምፅና የምስል ጥበቃ ማዕከል
ካልፔፐር፣ ቨርጂኒያ

የተከበራችሁ የማዕከሉ ኃላፊዎችና ሠራተኞች፣

የምጽፍላችሁ «ጋይዲንግ ላይት» ስለተባለው የአሜሪካ የቀን ተከታታይ ድራማ ነው። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2009 የመጨረሻው ክፍል ሲታይ ገጸ ባሕርያቱ ጆሽና ሬቫ ፒክአፕ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ፤ ድራማውም በዚያው አበቃ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የእኛ የአድናቂዎቹ ወሬ ግን አላበቃም። ሁለት ሦስት ሆነን ከተገናኘን ጨዋታው ዞሮ ዞሮ የድራማው ከተማ ስፕሪንግፊልድ ይገባል። ሬቫ በ1984 የመዝናኛ ክበቡ የውኃ ፋውንቴን ውስጥ ገብታ ራሷን ያጠመቀችበት ቀን ይነሳል። በ1980 ከገደል ወድቆ ሞተ የተባለው ሮጀር ቶርፕ በ1989 ብቅ ሲል የደነገጥነው ድንጋጤ ይነሳል። የሬቫን ክሎን (በሳይንስ የተሠራች ግልባጯን) የሚያነሳም አይጠፋም። በእኔ በኩል እሱ ታሪክ ቢጠፋ ቅር አይለኝም። ቀልዴን ነው፤ እሱንም አስቀምጡልን።

ጨዋታው ሲደምቅ አንዱ «እስቲ እንየው» ይላል። ያኔ ነው ችግሩ። ከድሮው ብዙው የለም። ካለውም ብዙው አንዱ አድናቂ ቤቱ ቁጭ ብሎ ከቴሌቪዥን የቀዳው ነው።

ይህ ድራማ እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። በ1937 በሬዲዮ ጀመረ፣ በ1952 ወደ ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ገባ። እስከ 1956 ድረስ ተዋንያኑ ያንኑ ጽሑፍ ለቴሌቪዥንም ለሬዲዮም ይሠሩት ነበር። ሁለቱ ተደምሮ 72 ዓመት ነው። በ1962 ደራሲዋ አግነስ ኒክሰን፣ የድራማው ገጸ ባሕርይ በርት ባወር የማህፀን ካንሰር ሲገኝባት የሚያሳይ ታሪክ ይዛ መጣች። ሴቶች በጊዜ እንዲመረመሩ ለመቀስቀስ ነው። ጣቢያውና የድራማው ባለቤት የነበረው የሳሙና አምራቹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ፈቀዱላት፤ ግን «ካንሰር» የሚለው ቃል እንዳይነሳ፣ «ማህፀን» የሚለውም እንዳይነሳ አሏት። እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? እሷ ግን አልተወችውም፤ ቃላቱን ሳትጠራ ጻፈችው። በርትን የተጫወተችው ቻሪታ ባወር ደግሞ ከሬዲዮው ዘመን ጀምሮ እስከ 1984 ድረስ በርትን አልለቀቀችም። በሕመም ምክንያት እግሯ ሲቆረጥ ድራማው አልሸሸገውም፤ የበርትም እግር ተቆረጠ። የሕክምና ታሪክ ወይም የሴቶች ታሪክ የሚያጠና ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በዓይኑ ማየት አይፈልግም?

ለምን እንደጠፋ እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ላይ የቀን ድራማ በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው። ቪዲዮ ቴፕ ሲመጣ ደግሞ ክሩ ሁለት ኢንች ስፋት ያለው ውድ ዕቃ ነበር። የቀን ድራማ ደግሞ አይደገምም፤ ዛሬ ታየ፣ አለቀ። ስለዚህ ጣቢያዎች ያጠፉና በዚያው ላይ ሌላ ይቀዱ ነበር። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፣ የወጪ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ግን ላስታውሳችሁ። ኤቢሲ በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ከ1966 እስከ 1971 የታየው «ዳርክ ሻዶውስ» 1,225 ክፍል አለው። ከዚህ ሁሉ ምስሉ የጠፋው የአንዱ ብቻ ነው፣ የ1219ኛው። ድምፁ ግን ተገኘ። ከየት? አንድ ተመልካች ቤቱ ሆኖ በቴፕ ቀድቶት ነበር። ድምፁ ላይ የቆሙ ፎቶዎች ተጨምረው ክፍሉ እንደገና ተሰናዳ። ዛሬ ያን ድራማ ከዳር እስከ ዳር መከተል የሚቻለው በዚያ ሰው ምክንያት ነው። የመንግሥት ተቋም አይደለም፣ የጣቢያው መዝገብ ቤትም አይደለም። አድናቂ ነው።

እኛም ጋ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ከ1977 ወዲህ «ጋይዲንግ ላይት» የአንድ ሰዓት ፕሮግራም ነበር። ቲ-120 የሚባለው የቪኤችኤስ ካሴት በዝግታ ሲቀዳበት ስድስት ሰዓት ይይዛል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው በአንድ ካሴት ይገባል፣ አንድ ሰዓትም ይተርፋል። ሥራ ያለው ሰው ጠዋት ዴኩን (የካሴት መቅጃና ማጫወቻውን) ሰዓት ሞልቶለት ይወጣል፣ ማታ ያየዋል። (የቀን ድራማ የሥራ ፈት ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1984፣ ቤት ውስጥ በኋላ ለማየት መቅዳት ሕገ ወጥ አይደለም ብሎ 5 ለ 4 ወስኗል። ስለዚህ አሁን ምድር ቤትና ቁምሳጥን ውስጥ ያሉት ካሴቶች የማንም ስርቆት አይደሉም።

ግን እየሞቱ ነው። ማግኔቱን የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት እየሳበ ይላላል፣ ክሩ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ያጫውት የነበረው ዴክም አዲስ አይገኝም፤ የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ በ2016 ማምረት አቁሟል። ከካሴቶቹ ጋር ባለቤቶቻቸውም እያረጁ ነው። እናት ስታርፍ ልጆች ቤት ያጸዳሉ፤ ካሴቱ መጀመሪያ የሚጣለው ዕቃ ነው።

ሌላው ነገር ዕውቀቱ ነው። አንዱ ካሴት ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው «ሰኞ–ዓርብ፣ ሮጀርና ሆሊ፣ አታጥፉት!!!» ነው። ዓመት የለው፣ ወር የለው። ባለሙያ ቢያገኘው ግራ ይገባዋል። ከእኛ መካከል ግን የፀጉር አሠራሩንና የሳሎኑን መጋረጃ አይታ ዓመቱን የምትነግራችሁ ሴት አለች። ማስታወቂያው ሳይቆረጥ የተቀዳ ከሆነማ ወሩንም አታጣውም። ተዋናይ ተቀይሮ ሌላ ሰው በአንድ ሳምንት ገብቶ ከሆነም ታውቃለች። ይህ የትም አልተጻፈም። እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ። በ1976 የወጣው ሕግ በእናንተ ሥር የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ቤተ መዛግብት አቋቁሟል። ፕሮግራሞቹ የሕዝብ ቅርስ ናቸው ይላል። ለታሪክ ጸሐፊዎችና ለተመራማሪዎች ተደራሽ እንዲሆኑም ያዛል። ጥሩ ነው። ግን የቀን ድራማ ታሪክ ጸሐፊው ማን ነው? በአብዛኛው እኛው ነን፤ ዲግሪ ባይኖረንም። በዚያ ቃል ውስጥ እኛንም ቁጠሩን።

የባለመብቶቹ ነገር ይገባናል። ኢንተርኔት ላይ ልቀቁት አላልንም። ካሴቱን ተቀብላችሁ ቅጂ አንሡለት፣ ከአድናቂው የሰማችሁትን አብራችሁ መዝግቡ፣ መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ሰው ወንበር ስጡት፤ ይኸው ነው። ማዕከላችሁ በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ለፌዴራል ሪዘርቭ ገንዘብ ማስቀመጫ የተሠራ ምሽግ ነበር። ለበርት ባወር የሚሆን መደርደሪያ ያጣል ብዬ አላምንም።

ሁለተኛው ጥያቄ ለኮንግረሱም ጭምር ነው። ለፊልም በየዓመቱ 25 ሥራ የሚገባበት ብሔራዊ መዝገብ አለ። ለድምፅም እንዲሁ አለ። ለቴሌቪዥን ግን የለም። ይቋቋም። ሲቋቋምም የማታው ፕሮግራም ብቻ እንዳይሞላው። በየቀኑ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራ የኖረ ሥራ ቦታ ይገባዋል።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገን ግን ቀላል ነገር ነው። ከተራ ሰው ቤት ለሚመጣ ካሴት አንድ ገጽ ቅጽ አውጡ። ምን ዓይነት ካሴት እንደምትቀበሉ፣ እንዴት ታሽጎ እንደሚላክ፣ የፖስታውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ይጻፍበት። በእጃችን ያለውን ካሴት በዝርዝር መጻፍ ጀምረናል፤ ቅጹ እንደወጣ እንልከዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የ«ጋይዲንግ ላይት» አድናቂ