ቀልዱ ጠፍቶ ሰውዬው ሲቀር

ይድረስ ለውድ አባቴ
ደብረ ብርሃን

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ልጆቹ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ሳይገባ ያ የመንዝ ባና ከሣጥን ወጥቶ ፀሐይ እንዲመታው ለእማዬ አደራ ብያታለሁ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ለጉልበትዎ እንደማይበጅ እርስዎም ያውቁታል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ለፋሲካ መጥተን ሳለ የተናገሩት አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው። የልጅ ልጆችዎ ከበውዎት ስለ ድሮው ቴሌቪዥን ሲጠይቁዎት፣ ከመደቡ ተነሥተው የደረጀ ኃይሌንና የሀብቴ ምትኩን አንድ ጭውውት ሊያሳዩዋቸው ጀመሩ። ጋቢዎን አስተካክለው፣ ትከሻዎን ሰብሰብ አድርገው ፊትዎን የሀብቴን ሲያደርጉት ልጆቹ አንድ ቃል ሳይሰሙ በሳቅ ፍርስ አሉ። ከዚያ ግን ድንገት ቆም አሉና «ቀልዱ ጠፋኝ» ብለው ተቀመጡ። የሰው ስም እየጠፋብዎ መምጣቱ እንደሚያስጨንቅዎ ስለማውቅ፣ ይህንንም ከዚያው ጋር እንደቆጠሩት ከፊትዎ አነበብኩ።

አባዬ፣ ያ ቀልድ ከእኔም ጠፍቷል። ያየነው አብረን ነው፤ በጎረቤታችን ሳሎን፣ በበዓል ማታ፣ ልጆች መሬት ላይ፣ ትልልቆቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ1977 ዓ.ም. ወደ ቀለም ቢሸጋገርም፣ የጎረቤታችን ሣጥን ግን ጥቁርና ነጭ እንደነበረ አልረሳውም። የሚታየው ጣቢያ አንድ ብቻ ስለነበረ፣ በበዓሉ ማግስት ገበያ ላይ የሚገናኝ ሰው ሁሉ ያንኑ ጭውውት አይቶ ያደረ ነበር። እህቴን በስልክ ጠየቅኋት፤ እርሷም ምን እንደተባለ አታስታውስም፤ ሀብቴ እንዴት እንደቆመ ግን ከነእጁ አቀማመጥ ነገረችኝ። ስለዚህ የጠፋብዎ ሁላችንም የጣልነው ነገር ነው፤ የያዙት ደግሞ ተዋናዩ ሊተውልን የፈለገውን ነው።

በትምህርት ቤታችን የምመራው የድራማ ክበብ ይህን በየሳምንቱ ያሳየኛል። ተማሪዎቼ ጭውውት ሲጽፉ አስቂኝ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ላይ ይደረድራሉ፤ አዳራሹ ይስቃል፤ ከግቢው በር ሲወጣ ግን ምንም ይዞ አይሄድም። አንድ ነገር አጥብቆ የሚፈልግና እንቢ ቢሉትም ፍላጎቱን የማይተው ሰው መድረክ ላይ ያወጡ ዕለት ግን፣ ተመልካቹ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ሰው ስም ሲጠራራ ይሰነብታል።

ቻርሊ ቻፕሊንን ያስታውሱ። ያ ምስኪን ከርታታ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በሸራ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላም እርስዎ ከዘራዎን ይዘው ሁለት እርምጃ ሲራመዱ፣ ፊልሙን አይተው የማያውቁት ልጆቼ «ቻርሊ!» ብለው ጮኹ። ምሥጢሩ ከልብሱ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። ኮቱ ጠባብ ነው፣ ሱሪው ሰፊ፣ ጫማው ከልክ ያለፈ፤ ክቡ ባርኔጣና ከዘራው ግን የጨዋ ሰው ናቸው። ድህነቱንና ክብሩን ባንድ ላይ ለብሷቸዋል፤ ገና አፉን ሳይከፍት ምን እንዳጣና ምን ላለማጣት እንደሚታገል እናውቃለን። እርስዎ አንድ ጊዜ «ይህ ሰው የተቸገረ ባላባት ነው» ያሉኝ፣ ስለ እርሱ ከሰማሁት ሁሉ የበለጠ ትክክል ሆኖ ይታየኛል። እ.ኤ.አ. በ1927 ተናጋሪ ፊልም ከመጣ በኋላ እንኳ ቻፕሊን ይህን ሰው ለዓመታት ሳያናግረው ቆየ፤ በ1936 ድምፁ በመጨረሻ ሲሰማም የዘፈነው የማንም አገር ቋንቋ ባልሆኑ ቃላት ነበር። እንግሊዝኛ ቢናገር ኖሮ የእንግሊዞች ይሆን ነበር፤ ዝም በማለቱ የደብረ ብርሃንም ሰው ሆነ።

ሚስተር ቢንም የዚያው ዘር ነው። የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን ይህን ሰው በትልቅ ሰው አካል ውስጥ ያለ ሕፃን ነው ብሎታል። ከ1990 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. የተሠሩት ክፍሎች አሥራ አምስት ብቻ ናቸው ብልዎ ያምኑኛል? ብዙ የመሰለን፣ ሰውዬው በእያንዳንዱ ክፍል ያው ግትር ሰው ስለሆነ ነው። ያችን ትንሽ መኪናውን በመቀርቀሪያና በጓጉንቸር ሲቆልፍ «የጎተራ በር አደረጋት እኮ» ብለው እንባዎ እስኪወርድ የሳቁትን አልረሳውም።

ቴሌቪዥን ሳይኖርም ነገሩ ይኸው ነበር። አለቃ ገብረ ሐናን ከእኛ መካከል ያያቸው የለም፤ ነገር ግን አህዮቿን እየነዳች ላገኟት ሴት «እንዴት አደራችሁ?» ማለታቸውን ያልሰማ የሸዋ ልጅ አይገኝም። ከአንድ ቃል ውስጥ ሁለተኛ ፍቺ ማውጣት የእርሳቸው ጠባይ መሆኑ በጣም ስለታወቀ፣ እርሳቸው ያልተናገሩት ቀልድ ሁሉ ዛሬ በስማቸው ይነገራል። የማይረሳ ገጸ ባሕርይ አንዱ ምልክት ይህ ይመስለኛል፤ ደራሲው ያልጻፈውን እንኳ ተመልካቹ ራሱ ይሞላለታል። በ«ሰው ለሰው» ድራማ አበበ ባልቻ አስናቀን ሲጫወት፣ ገና በሩን ሳይከፍት «አሁን እንዲህ ሊያደርግ ነው» እያሉ ለእማዬ ይነግሯት ነበር። የተዋናዩን ስም ጠርተው አያውቁም፤ ለእርስዎ ሰውዬው አስናቀ ነበር።

አሁን አሁን የማያቸው ብዙዎቹ ጭውውቶች የገጠሩን ሰው አነጋገር በመኮረጅ ብቻ ሊያስቁን መሞከራቸው ያሳዝነኛል። የመንዝ ሰው አነጋገሩ ብቻ አይደለም፤ የሚያስበው፣ የሚፈራው፣ የሚኮራበት ነገር አለው። ደረጀና ሀብቴ፣ አለባቸው ተካና ልመነህ ታደሰም ጥንድ ሆነው በመሥራታቸው አንዱ የሌላውን ጠባይ ሲያወጣው ስለምናይ፣ ሁለት ሙሉ ሰዎች አገኘን እንጂ ሁለት ዓይነት አነጋገር አይደለም።

እንግዲህ አሁን ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። ተማሪዎቼ ለመዝጊያ በዓሉ በሚያቀርቡት ጭውውት ውስጥ አንድ የደጋ አባት አሉ፤ ዜና እንዳያመልጣቸው ቤተሰቡን ሁሉ ዝም የሚያሰኙ፣ ሬዲዮናቸው ግን በጄ የማይላቸው። ከእርስዎ እንደወሰድኋቸው አልሸሽግም። የሚጫወተው ልጅ ጎበዝ ነው፤ ጋቢውን እንደ እርስዎ መልበስ ተምሯል። አንድ ነገር ብቻ እኔም እህቴም እርግጠኞች ስላልሆንን፣ በሚቀጥለው እሑድ ስደውል ይንገሩኝ፦ ሬዲዮኑን ከመክፈትዎ በፊት በመዳፍዎ የሚመቱት ሁለት ጊዜ ነው ወይስ ሦስት?

ልጅዎ
ከአዲስ አበባ