ልጁን በዓይኑ አትለኩት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በጤና ገጻችሁ ስለ ኦቲዝም የወጣውን ጽሑፍ አራዳ በሚገኘው የስፌት ቤቴ ተቀምጬ ደጋግሜ አነበብሁት። መጻፋችሁ ያስመሰግናል። ዛሬ በሕይወት የሌሉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ካቋቋሙ ወዲህ ነገሩ ከጓዳ ወጥቷል፤ ለእኔ ግን እዚህ ጎንደር ዛሬም «ጠበል ውሰደው» የሚለኝ «ሐኪም አሳየው» ከሚለኝ ይበልጣል። (ጠበሉንም አልጠላም።) ያልተስማማሁት «ልጅ የሰው ዓይን ማየት ከጀመረ ተሽሎታል፣ ወላጅም በየቀኑ ያለማምደው» በምትለው ምክር ነው።

ኦቲዝም ያለበት የ14 ዓመት ልጅ አባት ነኝ። ታላቅ እህቱ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ትማራለች፤ ማታ ማታ ከኮምፒውተሯ እያነበበች ታስረዳኛለች። ከእርሷ እንደተረዳሁት ዓይን የሚያይ ብቻ ሳይሆን የሚንቀሳቀስ አካልም ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ዓይኑ በመስመሩ ላይ የሚንሸራተት ይመስለዋል እንጂ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይዘላል። እያንዳንዱ ዝላይ እጅግ ፈጣን ስለሆነ መንገድ ላይ የሚታረም አይደለም። ከማጅራት በላይ ያለው ሴሬቤለም የተባለው የአንጎል ክፍል ያለፈውን ስሕተት ይዞ የሚቀጥለውን ያስተካክላል፤ እኔ መኪናዬ ስፌት ሲስት የክሩን ውጥረት እንደማስተካክለው።

ተመራማሪዎች ይህን የሚፈትኑበት ዘዴ ብልሃቱ ያስቀኛል። ሰውዬው ዓይኑን ወደ ብርሃን ነጥብ ሲወረውር፣ ገና ሳይደርስ ነጥቧን ትንሽ ፈቀቅ ያደርጓታል። በዝላዩ ቅጽበት እይታ ስለሚዳከም መታለሉን አያውቅም፤ ከብዙ ድግግሞሽ በኋላ ግን ዓይኑ በራሱ አዲሱን ርቀት ይለምዳል። ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይሠራበታል። ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች በዚሁ ሲፈተኑ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ባይሆኑም፣ ዝላያቸው አንዴ ሲያጥር አንዴ ሲረዝም፣ እርማቱም ሲዘገይ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። ይህ ብቻውን ሰው ፊት አለማየትን ያስረዳል አልልም፤ ለአንዳንዶቹ የሰው ዓይን ራሱ ጭንቅ ነው። ነገር ግን ዓይኑን ያሸሸን ልጅ ሁሉ «ንቆኝ ነው» የምንለው ምን ይዘን ነው? ደግሞስ የእርሱ ወንድሞች የሽማግሌ ዓይን ላይ ቢያፈጡ የምንቆጣ እኛው አይደለንም?

ስለ እጁም ልናገር። ስፌት ላስተምረው ስነሣ ፊቱ ተቀምጬ እየሰፋሁ «እየኝ» እለው ነበር፤ እርሱ መስኮቱን ያያል። ከዚያ እጄን በእጁ ላይ አድርጌ ጨርቁን አብረን ስንገፋ፣ እግሩም ፔዳሉ ላይ ሲውል ያዘው። ዛሬ የሱሪ ጫፍ አጥፎ ይሰፋል፤ ቁልፍ ይተክላል፤ ከእኔም ይበልጥ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል። ልጄ ይህንን ስታይ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አነበበችልኝ። ልጆቹ የሮቦት ክንድ ይዘው እንዲያንቀሳቅሱ ሲማሩ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ዓይናቸው ከሚነግራቸው ይልቅ የገዛ ክንዳቸው ስሜት በሚነግራቸው ላይ ይበልጥ ተመርኩዘዋል። ከስፌት ቤቴ የተማርሁትን ባልቲሞር ላይ ማግኘቴ ደስ አሰኝቶኛል።

የሚያሳዝነኝ ትምህርት ቤቱ ነው። ስሙን አልጠራም። አንድ መምህር የልጁን አገጭ ይዞ ፊቱን ወደ ራሱ ሲያዞር አይቻለሁ። ከዚያም ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ገልብጥ ይባላል። ከሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ሰሌዳ፤ ዓይን ሲዘል፣ ያቆመበትን ሲያጣ፣ እጅም ተራውን ሲጠብቅ የሚውልበት ሥራ ነው። ደወሉ ሲደወል ግማሹ ባዶ ነው፤ «ሰነፍ» ይባላል። ጽሑፉን በወረቀት አድርገው ጠረጴዛው ላይ፣ ከደብተሩ አጠገብ ቢያኖሩለት ምን ይጎድልባቸዋል? አንድ የፎቶ ኮፒ ዋጋ ነው፤ እኔ እከፍላለሁ ብዬ ነበር፣ «ለሌሎቹ አድልዎ ይሆናል» ተባልሁ።

አዘጋጁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ኦቲዝም ስትጽፉ የፊዚዮቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ሥራን የማለማመድ ሕክምና) ባለሙያዎችን ብታናግሩ፣ ስለ እጅ አያያዝ፣ ስለ አጻጻፍ፣ ስለ አካሄድ ብትጠይቋቸው፣ ገጹን ቆርጬ ለርእሰ መምህሩ ራሴ እወስድለታለሁ።

አንድ ልብስ ሰፊ
ጎንደር፣ አራዳ