ብርዱ መራራ ነው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲህ ብሎ ደብዳቤ መጀመር ከእናቶቻችን ጋር የቀረ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ሌላ መግቢያ አልመጣልኝም። አምስት ዓመት ጠፍቼ ቆይቼ በቴሌግራም «ሰላም ነው?» ማለት ከበደኝ። መጀመሪያ ሥራ በዛብኝ። ቀጥሎ ቆየሁ ብዬ አፈርኩ። ኀፍረቱ ደግሞ ሌላ ዓመት ወለደ። ይቅር በለኝ። የምጽፍልህ ግን ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር በጣም ዘግይቶ ገባኝ፤ እሱን ልነግርህ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የድሮዎቹ ልጆች እኔ ቤት ተሰበሰብን። ነርሷ፣ ጠበቃው፣ ፊዚክስ አስተማሪው፣ እኔ። ስማቸውን ባልጽፍም ታውቃቸዋለህ። ቡናው አቦል ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኮስን። ጠበቃው በጨለማው ውስጥ «ያኔ በድራማ ክበብ የሸመደድነውን ዛሬ ማን ያስታውሳል?» አለ። በቃ፣ ቡናው እስኪያልቅ እሱን ስንጫወት አመሸን።

ጨዋታው ቀላል ነው። አንዱ ከታወቀ ተውኔት ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይላል፤ ሌላው ይጨርሳል። ከዚያ ቃሉን ማን ለማን እንደተናገረው ይጠየቃል። እኔ ወፍራሙን የሼክስፒር መጽሐፍ በሻማ እያየሁ ዳኛ ሆንኩ። (የምጽፍልህ አማርኛ እንደ ያኔው የራሳችን ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሐምሌት» አሁን አጠገቤ የለም። የእሱን ቃል ደግሞ በግምት መጥቀስ አልፈልግም።)

በቄሣር ጀመርን። «አንተም፣ ብሩተስ?» ሦስቱም እኩል ጮኹ። ላቲኑንም አልሳቱትም፤ «ኤት ቱ ብሩቴ»። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ግን አንዳቸውም አልያዙትም። ቄሣር እኮ እዚያ ላይ አያቆምም። «እንግዲያውስ ውደቅ፣ ቄሣር!» ይላል፣ ለራሱ። ወዳጁን ከገዳዮቹ መሐል ሲያየው መታገሉን ተወ። እኔ ይህን ግማሽ ነው የምወደው። ሰው የሚረሳውም ይህንኑ ነው።

ጠበቃው በጁልየት ተራ «ሮሜዎ፣ ሮሜዎ፣ የት ነህ?» አለ። ይኼ ስህተት የእሱ ብቻ አይደለም፤ በየአገሩ የሚሳሳቱት ነው። ጁልየት የምትጠይቀው «ለምን ሮሜዎ ሆንክ?» ብላ ነው። ለምን የጠላቶቻችንን ስም ያዝክ ማለቷ ነው። የእንግሊዝኛው የጥንት ቃል «የት» ከሚለው ጋር ስለሚቀራረብ ሰው ይስታል። በአማርኛ ግን «ለምን»ን ከ«የት» ማን ያምታታል? ሰገነት የሚባለውም ነገር በጽሑፉ ውስጥ የለም። ያለው መስኮት ነው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የራስ ቅሉ ነው። ሐምሌት መቃብር ቦታ ቆሞ፣ በልጅነቱ ያጫውተው የነበረውን የዮሪክን ራስ ቅል ያነሳል። ነርሷ ወዲያው «ወይኔ ምስኪን ዮሪክ! በደንብ አውቀው ነበር» አለች። ሁለቱም አጸደቁላት። እኔም ለማጽደቅ አፌን ከፍቼ ነበር። መጽሐፉን ሳየው ሌላ ነው። «ወይኔ ምስኪን ዮሪክ! አውቀው ነበር፣ ሆራሺዮ» ይላል። «በደንብ» የሚል ቃል የለበትም። ተመልከት እንግዲህ። ስናስታውሰው የጓደኛውን ስም አውጥተን ጣልነው፤ በቦታው «በደንብ» የሚል ቃል ሞላንበት። ሐምሌት ያን ሁሉ የሚናገረው አጠገቡ ለቆመ አንድ ወዳጁ ነው። እኛ ጭንቅላታችን ውስጥ ብቻውን አቆምነው። የ«መሆን ወይስ አለመሆን» ንግግር እንኳ በሦስተኛው ገቢር ሆኖ ሳለ፣ ራስ ቅል ይዞ ይታየናል። ራስ ቅሉ የሚመጣው በአምስተኛው ነው።

ያን ስም ካየሁ በኋላ ልቤ አንተ ጋ ሄደ። ለጊዜው ግን ዝም አልኩ።

ነርሷ ደግሞ ያኔ እኛው ከተረጎምነው ወረቀት ላይ «መንፈሱ አለ» የሚለውን «አለ»ን አላልታ አነበበችው። መንፈሱ ምን አለ? ብለን ሳቅን። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ እሷ ምን ታድርግ! ይህን ጊዜ ፊዚክስ አስተማሪው የሄጌሎኮስን ታሪክ አነሳ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ408 ዓመት ነው፣ አቴና ውስጥ። የዩሪፒደስ ተውኔት «ኦሬስቴስ» እየታየ ነው። ተዋናዩ ሄጌሎኮስ «ከማዕበሉ በኋላ ጸጥታ አያለሁ» ማለት ነበረበት። የአንዲት ቃል ድምፅ ቢስትበት «ሙጭልጭላ አያለሁ» ሆነና ቁጭ አለ። የቀልድ ተውኔት ጸሐፊው አሪስቶፋነስ በራሱ ተውኔት አፌዘበት። ይኸው ከ2400 ዓመት በኋላም የሰውዬው ስም የሚነሳው በዚያች ስህተት ነው። አሳዘነኝ። ያን ሁሉ መስመር ሸምድዶ፣ አንዲት ድምፅ!

ከዩሪፒደስ ጋር የተያያዘ ሌላ ታሪክም ተነሳ። ይህን ታስታውሰው ይሆናል፤ ያኔ ለክበቡ ያነበብክልን አንተ ነበርክ። በ413 ቅድመ ልደት ክርስቶስ የአቴና ጦር ሲሲሊ ላይ ድምጥማጡ ጠፋ። ምርኮኞቹ በሰራኩስ የድንጋይ ካባ ውስጥ ታጎሩ። ብዙዎቹ እዚያው አለቁ። የሲሲሊ ሰዎች ግን የዩሪፒደስን ስንኝ እንደ ጉድ ይወዱት ነበር። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ የሚያስታውሱትን ለጌቶቻቸው በማስተማር ነጻ የወጡ ነበሩ። ከጦርነቱ አምልጠው ሲንከራተቱ ከመዝሙሮቹ ጥቂት ዘምረው ምግብና ውሃ ያገኙም ነበሩ። አገራቸው ሲገቡ ዩሪፒደስን ቤቱ ድረስ ሄደው አመሰገኑት።

ነርሷ ሻማውን እያየች «ከኛ መሐል ማን ይተርፍ ነበር?» አለች። ሦስታችንም ያንተን ስም ጠራን። አንተ የራስህን ብቻ ሳይሆን የሁላችንንም ቃል ታውቅ ነበር። አንዳችን ስንደናቀፍ ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ እናይ ነበር።

ከዚያ ጠበቃው «እስቲ የእናንተን ዘብ አሳዩን» አለ። የወላጆች ቀን ላይ የሠራነውን የ«ሐምሌት»ን መክፈቻ ማለቱ ነው። እኔ በርናርዶ፣ አንተ ፍራንሲስኮ፣ ፊዚክስ አስተማሪው ማርሴለስ። የዴንማርክ ዘበኞች ጋቢ ለብሰን! መምህራችን የጸጋዬን ትርጉም ከማሳየቱ በፊት «መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ» ብሎን አንድ ሳምንት የታገልነው። ተነሳሁ። ያንተ ቦታ ባዶ ስለሆነ ያንተንም እኔ ልለው ሞከርኩ።

«ማነው እዚያ?» አልኩ። ይህ የኔ ነው። ታስታውስ እንደሆነ፣ መምህራችን እዚህ ላይ ብዙ ቆይቶ ነበር። መጠየቅ የሚገባው ዘብ ላይ ያለው ፍራንሲስኮ ነው። የጠየቀው ግን ሊተካው የመጣው ነው። ፈርቷል፣ ጨለማ ነው፣ ቀድሞ ጮኸ።

«የለም፣ አንተ መልስልኝ፤ ቁምና ማንነትህን ግለጥ።» ያንተ። ወጣልኝ። «ንጉሡ ለዘላለም ይኑር!» የኔ። «በርናርዶ?» «እሱ ነኝ።» «በሰዓትህ መጣህ።» «ስድስት ሰዓት ሞላ፤ ሂድና ተኛ፣ ፍራንሲስኮ።»

እዚህ ላይ ቆምኩ። የሚቀጥለው ያንተ ነው። ጨርሶ ጠፋኝ። ጣሪያውን አየሁ፣ ሻማውን አየሁ፤ የለም። የኛ ማርሴለስ የራሱን ቃል አንድም ሳይስት ሊቀጥል ተነስቶ ቆሟል፤ ይህን ግን እሱም አላስታወሰም። መጽሐፉን ገለጥኩ።

«ስለተካኸኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ብርዱ መራራ ነው፤ ልቤም ታሟል።»

ወንድሜ፣ ተቀመጥኩ።

የዛሬ አምስት ዓመት በጥር ነበር። ሜሪላንድ ከገባህ ሁለት ወርህ ነው። የሌሊት ጥበቃ ሥራ ይዘሃል፤ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ነው የምትጠብቀው። እዚህ ሲነጋ ስልኬ ላይ አንድ መልእክት አገኘሁ። «ብርዱ መራራ ነው» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። እኔም ወደ ሥራ እየተጣደፍኩ «ሁለት ካልሲ ደርብ፣ ይለመዳል» ብዬ መለስኩልህ። አንተ «እሺ» አልክ። ከዚያ በኋላ ተጠፋፋን።

በአማርኛ ብርድ መራራ አይባልም እኮ! መራራ ኮሶ ነው። ብርድ ያንዘፈዝፋል፣ ብርድ አጥንት ይሰብራል። «መራራ ብርድ» ያልነው እኛ ነን፤ አሥራ ስድስት ዓመታችን ላይ፣ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ገልብጠን። መምህሩ ሊያርመው ሲል «እንዲህ ይሻላል» ብለህ የተከራከርከው አንተ ነህ። ግማሹን ልከህልኝ ሌላውን ግማሽ እኔ እንድጨርሰው ጠብቀህ ነበር። አሁን ነው የገባኝ። «ልቤም ታሟል» እንድልህ። ዘብ ላይ ቆመህ፣ ብቻህን፣ በሌሊት። እኔ ስለ ካልሲ አወራሁህ።

ይህን ስጽፍልህ ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በነጋታው የሆነውን ልንገርህ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለዚያ መክፈቻ ሳነብ አደርኩ። «ሐምሌት» መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1603 ነው። ያ እትም ወደ 2200 መስመር ብቻ ነው፤ ቀጥሎ ከወጣው በብዙ ያንሳል። ብዙ ምሁራን በትያትሩ የተጫወተ አንድ ሰው በቃሉ ያስታወሰውን አስጽፎ ያሳተመው ነው ብለው ይጠረጥራሉ። ማንን እንደሚጠረጥሩ ታውቃለህ? ማርሴለስን የተጫወተውን! የማርሴለስ ቃል ከሌላው ይልቅ ሳይዛነፍ ስለሚገኝ። ሁሉም አይስማሙበትም፤ እኔ ግን ከቅዳሜው ማታ በኋላ አምኛለሁ። በዚያ እትም «መሆን ወይስ አለመሆን» የሚለው ቀጥሎ «አዎ፣ ነጥቡ እዚህ ጋ ነው» ይላል። የዘቦቹን ንግግር ፈለግኩት። ጠያቂው ትክክለኛው ዘብ ሆኗል፤ የበርናርዶ ፍርሃት ጠፍቷል። ያንተ መስመር ደግሞ ጭራሹኑ የለም። ብርዱም የለም፣ የታመመውም ልብ የለም። ያ ሰው የረሳውን እኔም ረሳሁት።

የተረፈልን በሌሎች ትጋት ነው። ሼክስፒር ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1623፣ አብረውት ይሠሩ የነበሩት ሄሚንጅስና ኮንዴል የተባሉ ሁለት ተዋንያን 36 ተውኔቶቹን ሰብስበው አሳተሙ። «ማክቤዝ» እና «ጁሊየስ ቄሣር» መጀመሪያ የታተሙት በዚያ መጽሐፍ ነው። እና ስማ፤ ከዚያ እትም 82 ቅጂ ያለው እዚያው አንተ ጋ ዋሽንግተን ነው፣ ፎልገር የሚባለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን መስመር ባቡር ይዘህ ዩኒየን ስቴሽን ትወርዳለህ፤ የቀረው የእግር መንገድ ነው። እስካሁን ካልሄድክ ሂድልኝ። የ«ሐምሌት»ን መክፈቻ በመስታወት ውስጥ ገልጠው ባያስቀምጡት እንኳ፣ አጠገቡ ቆመህ ያንተን ቃል በልልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዘመን ተዋናይ ሙሉ ተውኔቱ አይሰጠውም ነበር። የራሱ ቃል ብቻ የተጻፈበት ጥቅል ይሰጠዋል። ከሌላው ሰው ንግግር የሚጻፍለት የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ቃላት ናቸው፤ እነሱን ሲሰማ ተራው መሆኑን ያውቃል። በኔ ጥቅል ላይ ካንተ የሚጻፈው «ልቤም ታሟል» ነው። አምስት ዓመት ሙሉ እሱን ሳልሰማ ቆምኩ። አሁን ሰማሁት።

እናትህን ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውን ብቻ ያማቸዋል። «ደብዳቤ ልጽፍለት ነው» ስላቸው መረቁኝ። ይህን በፖስታ እልክልሃለሁ፤ ፎቶውንም በስልክ። ስትችል ደውል፤ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

ተራው የኔ ስለሆነ፣ ይኸው፦

«ጥበቃህ ሰላም ነበር?»

ያንተው በርናርዶ