በስንት ሊትር ሶልቨንት?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ፔኒሲሊን ከተብላላው ፈሳሽ በሶልቨንት (ከውሃ ጋር በማይዋሃድ ማሟሟያ ፈሳሽ) እንዴት እንደሚወጣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል። አንዱ ዓረፍተ ነገር ግን ከነከነኝ። «ኬ 4 ከሆነ 80 ፐርሰንቱ ይወጣል» ይላል። በስንት ሊትር ሶልቨንት? እሱ አልተጻፈም።

ኬ የሚነግረን አንድ ሊትር ሶልቨንት ውስጥ ያለው ፔኒሲሊን አንድ ሊትር ውሃ (ማለትም የተብላላው ፈሳሽ) ውስጥ ከቀረው ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው፣ በቃ። ምን ያህል እንደወጣ ለማወቅ ኬን በሶልቨንቱ መጠን አባዝታችሁ ለውሃው መጠን ታካፍላላችሁ። ያገኛችሁትን ቁጥር ኢ እንበለው። ኢን ለራሱና ለ1 ድምር ስታካፍሉት የወጣው ድርሻ ይመጣል። 100 ሊትር ፈሳሽ በ100 ሊትር ሶልቨንት ከሆነ፣ አዎ፣ 80 ፐርሰንት ነው። ሶልቨንቱ 25 ሊትር ከሆነ ግን 50 ብቻ! ያንኑ 100 ሊትር ሶልቨንት ለሁለት ከፍላችሁ በየተራ ብትጨምሩት ወደ 89 ይወጣል፤ በሁለት ደረጃ ከፈሳሹ በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲፈስ ብታደርጉት ደግሞ 95 ይደርሳል፣ አንድ ጠብታ ሶልቨንት ሳይጨመር።

ኬ ራሱም ባለበት አይቆምም። ቡታይል አሲቴት ወደሚባለው ሶልቨንት በደንብ የሚገባው የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሌለው ፔኒሲሊን ነው፣ ፒኬኤው (ግማሹ ቻርጅ አልባ የሚሆንበት ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያ ቁጥር) ደግሞ 2.75 አካባቢ ነው። እዚያ ፒኤች ላይ 4 የነበረው ኬ፣ ፒኤቹ 3.75 ሲሆን ወደ 0.73 ይወርዳል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን አለካኩ ነው። ሥራ ስጀምር ውሃውን ብቻ ለክቼ ከውሃው የጎደለውን በሙሉ «ወጣ» ብዬ መዝግቤ ነበር። በኋላ ሶልቨንቱን ስለካው ሂሳቡ አልገጠመም። ፔኒሲሊን አሲድ ውስጥ ሲቆይ ይፈርሳል፣ ሙቀት ካለ ደግሞ ይብሳል፤ ፋብሪካዎች ፈሳሹን አቀዝቅዘው በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት በሚሽከረከር መለያ ማሽን) ቶሎ የሚለዩት ለዚህ ነው። በሁለቱ ፈሳሾች መሃልም ፕሮቲን የያዘው ነጭና ወፍራም ኢመልሽን (የሁለቱ ፈሳሾች ጠብታዎች የተደባለቁበት) ተጋድሞ ነበር። እሱን ማንም አልለካውም፣ የያዘውን ይዞ ቀረ። ከውሃው ጠፋ ማለት ሶልቨንቱ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም።

ይህን ገጽ የሚያነቡ ተማሪዎች አሉ፣ ቁጥሩን እንዳለ ደብተራቸው ላይ ያሰፍሩታል። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ አውጡ፤ የሶልቨንቱን መጠንና ፒኤቹን፣ ሁለቱም ፈሳሾች መለካታቸውንም ጨምሩበት።