ችግኙ የት ይተከል?

ክቡር አዘጋጅ፣

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ስወርድ ድልድዩ ላይ ቆም ብዬ ወንዙን አያለሁ። ሐምሌ ላይ ውሃው ደፍርሶ፣ የእንጦጦን አፈር ተሸክሞ ይወርዳል። እኛ ግን አምና ከመሥሪያ ቤት ተሰባስበን የተከልነው አውቶቡስ በሚደርስበት ሜዳ ላይ ነበር። ጥር ላይ ሄጄ ሳየው በእጄ የተከልኳት ወይራ በቁሟ ደርቃለች። አንጀቴ አረረ።

አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ተተከለ እንባባላለን፤ የት ተተከለ የሚለው ተረስቷል። ሴንቲኔል 2 የተባሉት ሳተላይቶች 10 ሜትር በ10 ሜትር እየለዩ የሚያነሱት ምስል በነፃ ይገኛል። በዚያ ላይ የቁልቁለቱን መጠን፣ ዝናቡን፣ የአፈሩን ዓይነትና የወንዙን ተፋሰስ ደራርቦ የትኛው ገመገም መቅደም እንዳለበት መለየት ይቻላል። በርግጥ ካርታ ሁሉን አያይም። ከላይ አረንጓዴ የመሰለው ባሕር ዛፍ ሊሆን ይችላል፤ ከብት የሚሰማራበትን ደግሞ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው። እሱም ይጠየቅ።

ዘንድሮ አካፋ ይዘን ከመውጣታችን በፊት የቦታው ካርታ በየወረዳው ይለጠፍልን።

የቀበና ነዋሪ፣ አዲስ አበባ