የመፀው ቀለሞችን ከራሳችን ማሳ እንውሰድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ስለ ቤት አያያዝ በሚያትተው ገጻችሁ ላይ፣ የመኖሪያ ቤትን ግድግዳ በመፀው ወቅት ቀለማት ስለ ማስዋብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ኑሮዬ ከቤት ማጠናቀቅና ከቀለም ሥራ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ርዕሱ መነሣቱ ቢያስደስተኝም፣ በምሳሌነት የቀረቡት ቀለማት ሁሉ በሜፕልና በኦክ ዛፍ ቅጠል የተመሰሉ መሆናቸው ቅር አሰኝቶኛል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ቀኑ ሲያጥርና ቅዝቃዜው ሲገባ የብዙ ዛፎች ቅጠል አረንጓዴነቱን ያጣና ከሥሩ ተሸፍኖ የቆየው ቢጫና ብርቱካናማ ይገለጣል። በእኛ ደጋ ግን ጽዱም፣ ወይራውም፣ ባሕር ዛፉም በዚህ ወቅት እንደለመለመ ይቆያል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 የሚዘልቀው መፀዋችን ቀለሙን የሚያገኘው ከማሳ ነው።

በኅዳር ወር በቢሾፍቱ ዙሪያ ባለው የአድአ መሬት ያለፈ ሰው የምለውን ይረዳኛል። የደረሰ ጤፍ ከሩቅ አንድ ወጥ ወርቃማ መስሎ ቢታይም፣ ቀረብ ብለው ሲመለከቱት አገዳው ወደ ገለባ ንጣት ያደላል፣ ያጎነበሰው ዛላ ጠቆር ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ መሰነጣጠቅ የጀመረው መረሬ አፈር ጥቁር ግራጫ ሆኖ ይታያል። ለሳሎን ከዚህ የተሻለ የቀለም ቅንብር አላውቅም፤ ግድግዳው የገለባ፣ መጋረጃው ወይም ምንጣፉ የሰርገኛ ጤፍ፣ የበሩና የመስኮቱ ክፈፍ የመረሬ ቀለም ቢሆን ዓይን አይሰለቸውም። የአደይ አበባ ቢጫ የሁላችንም ፍቅር ቢሆንም አራት ግድግዳ ሙሉ ሲቀባ ያደክማል፤ ለትራስ ልብስ ወይም ለአንድ ወንበር ይበቃዋል።

ደማቅ ቀለም ምን ያህል ቦታ ሊሰጠው እንደሚገባ ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሐረር ጁገል ባሉት ነባር ቤቶች ውስጥ ወለሉና የመደቦቹ ፊት በቀይ አፈር ቀለም ሲቀቡ የላይኛው ግድግዳ በአብዛኛው ነጭ ሆኖ ይተዋል። ጠንካራው ቀለም ዝቅ፣ ብርሃን የሚመልሰው ነጭ ከፍ በማለቱ ክፍሉ ሳይጨልም ይሞቃል። የቀይ ማሽላን ወይም የሸክላን ቀለም የሚወድ ሰው ይህንኑ ሥርዓት በኮንዶሚኒየም ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሊሠራበት ይችላል።

ጽሑፋችሁ ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ዘወትር ቀዝቃዛ ብርሃን ስለሚያገኝ ሞቅ ያለ ቀለም ይቀባ ማለቱም ለእኛ እንዳለ አይሠራም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ በሰሜን በኩል፣ በቀሩት ወራት ደግሞ በደቡብ በኩል ትሆናለች። ስለዚህ በበጋ ወቅት በፀሐይ የሚጥለቀለቀው ወደ ደቡብ የሚከፈተው ክፍል ነው፤ እዚያ ስስ የገለባ ቀለም ነጥቶ ስለሚጠፋ ጠቆር ያለውን መምረጥ ይሻላል። ማታ ደግሞ ብዙ ቤት የሚበራው፣ በብርሃን ቀለም መለኪያ 6500 ኬልቪን የሆነ ነጭ አምፖል የመፀውን ቀለም ሁሉ አመድ ያስመስለዋል። አምፖሉን ሞቅ ያለ ብርሃን ወደሚሰጠው 3000 ኬልቪን ዝቅ ማድረግ አንዳንድ ጊዜ ግድግዳውን እንደገና ከመቀባት ያድናል። ከካታሎግ ላይ በጣት ከማሳየት ይልቅም ግማሽ ሜትር ያህል ቦታ ሁለት ጊዜ ቀብቶ፣ ሲደርቅ ጠቆር ማለቱን ጠብቆ፣ ጠዋትም ማታም ማየት ይበጃል።

የዘመን መለወጫ ሲቃረብ በጳጉሜን ቤት የማስቀባት ልማዳችንን በተመለከተም አንድ ነገር ልበል። የክረምቱ እርጥበት ከግድግዳው ሳይወጣ የተቀባ ፕላስቲክ ቀለም ይነፋል፣ ይላላጣል፣ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄትም ያወጣል፤ ከዚያ ጥፋቱ ሁሉ የቀለም ቀቢው ይሆናል። ጥቅምትና ኅዳር ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቹ ናቸው። አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ አንድ ወር ያህል ይደር።

ጽሑፋችሁ ፈጽሞ ያልነካው፣ ለእኔ ግን ከውበቱ ሁሉ የሚቀድመው ጉዳይ በቀለም ውስጥ የሚገኘው ሊድ (እርሳስ) የተባለው መርዛማ ብረት ነው። ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ የዘይት ቀለሞች፣ ማለትም መፀውን ያስታውሳሉ ተብለው የሚመረጡት ራሳቸው፣ ለረጅም ጊዜ ሊድ ክሮሜት በተባለ ውሁድ ሲሠሩ ኖረዋል። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያስከትል መጠን እንደሌለው ይገልጻል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረው ሊድ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚወስን ቢሆንም፣ ቀለም ሲገዛ ስለዚህ የሚጠይቅ ደንበኛ ብዙም አላጋጠመኝም። የገለባ፣ የሸክላና የቀይ አፈር ቀለማት በአመዛኙ ከብረት ኦክሳይድ የሚገኙ በመሆናቸው በዚህ ረገድም የተሻሉ ናቸው። በሩና መስኮቱ ላይ ያለውን የቆየ የዘይት ቀለም በደረቁ መፋቅ ግን አቧራውን ቤት ውስጥ ስለሚበትነው፣ እያረጠቡ መፋቅና በዚያ ሰዓት ልጆችን ከቤት ማራቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በቀጣይ ስለ ቤት ቀለም ስትጽፉ፣ በአገራችን የሚመረቱትም ሆኑ ከውጭ የሚገቡት ቀለሞች የሊድ መጠናቸውን በጣሳቸው ላይ ይገልጹ እንደሆነ አምራቾችንና አስመጪዎችን ጠይቃችሁ፣ ምላሻቸውን ከቀለሞቹ ፎቶግራፍ አጠገብ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ